የሞት አስማት ሕግ ጸሐፊ ሳለሁ

ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና መናኸሪያ በር ላይ ኤርሚያስን አገኘሁት። መጀመሪያ አላወቅኩትም። ሆዱ ገፍቷል፣ ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል፣ አመድማ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከአንድ ተሸካሚ ጋር ስለ ሻንጣው ይነታረካል። "አስቱ!" ብሎ ሲጠራኝ ግን ድምፁን ለየሁት። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፣ ስለ ልጆች ተጠያየቅን፣ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪናው እስኪሞላ ሻይ እንጠጣ ብሎ ጎተተኝ። የሻይ ዋጋ የት እንደደረሰ እያማረርን ተቀመጥን። "ያ ጨዋታ ትዝ ይልሻል? የደም መጣጮቹ?" አለና ከት ብሎ ሳቀ። "እውነቴን ነው፣ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።" ሁሉንም አነሳ። የኮምፒውተሮቹን ጩኸት፣ መብራት ሲሄድ የምንለቀውን እሪታ፣ እሱ "የሞተ" ጊዜ የሆነውን። በመጨረሻ ግንባሩን እያሻሸ "ያቺ ነርሷስ? ማን ነበር ስሟ?" አለኝ። "ማርታ" አልኩት። "አዎ፣ ማርታ! የት ደረሰች?" ረዳቱ ስሙን እየጠራ መጣና ሳልመልስለት ተነሳ። እኔ አንድም ቀን ከአእምሮዬ ያልወጣውን ስም እሱ ፈልጎ አጥቶት ነበር። ቀናሁበት።

ያኔ መናኸሪያው አጠገብ ሁለት ካሴት ቤቶች ጎን ለጎን ነበሩ። አንዱ መዝሙር፣ አንዱ ዘፈን ይከፍታል፤ መሐል ላይ የቆመ ሰው ለነፍሱ ይሁን ለሥጋው የሚሰማው ግራ ይገባዋል። ሻይ በሽልንግ፣ ቦምቦሊኖም በሽልንግ ነበር። ሴቶቹ ከሰልባጅ ተራ መርጠን የገዛነውን ጂንስ እቤት አጥበን ካልጠበበን አንለብስም፤ ወንዶቹ አፍንጫው የሾለ ጫማ አድርገው በጭቃ ውስጥ በእግር ጣታቸው ይረማመዱ ነበር። እኔ የእንግሊዝኛ መምህርት ሆኜ የተቀጠርኩበት ሰሞን ነው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ጋር ወይን ጠጅ ካባዬን ለብሼ እዘምራለሁ፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከሥራ ስንወጣ ደግሞ ደም እጠጣለሁ። ይህን አባቴ ቢሰማ ኖሮ ሽማግሌዎች ሰብስቦ ያስጸልይብኝ ነበር።

ደም የምንጠጣው ጋሽ ደሳለኝ ኢንተርኔት ቤት ነው። ጋሽ ደሳለኝ ጡረታ የወጣ የቴሌ ሠራተኛ ነበር፤ ስድስት ኮምፒውተር ነበረው፤ ባለቤቱ ለእያንዳንዳቸው ባለ ጥልፍ ልብስ ሰፍታላቸዋለች። ደቂቃዋ ሃያ አምስት ሳንቲም። መስመሩ እስኪገባ እንደ ታመመ ድመት ያለቅሳል፣ ከገባ በኋላም አንድ ገጽ እስኪከፈት ቦምቦሊኖ በልተህ ትጨርሳለህ። ዛሬ ልጄ ስልኳን በአውራ ጣቷ ጠረግ ስታደርግ ዓለም ይከፈትላታል፣ እና ትሰለቻለች። እኛ አንሰለችም ነበር። ጨዋታው ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው፤ ፈረንጆች የከፈቱት ገጽ ላይ ሁሉም ሰው አንድ ቫምፓየር ይፈጥርና እሱን ሆኖ ታሪክ ይጽፋል። አንዱ የጻፈውን ሌላው ይቀበልና ይቀጥላል። እኛም እዚያ ውስጥ የራሳችንን "ቤት" ከፈትን፤ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከአንጋጫና ከሾኔ አሥራ ሁለት ሰዎች ነበርን፣ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፍን። ቫምፓየሮቻችን ግን የኛው አገር ሰዎች ነበሩ፤ እንሰት ጓሮ ይደበቃሉ፣ ገበያ ወጥተው ዋጋ ይከራከራሉ።

ከሁላችንም የምትበልጠው ማርታ ነበረች። የዳምቦያ ልጅ፣ ካቶሊክ፣ ሆሳዕና ጤና ጣቢያ ነርስ። ቀጭን፣ ፈገግ ስትል አፏን በእጇ የምትከልል። የፈጠረቻት ገጸ ባሕርይ ወይዘሮ ጥላዬ ትባል ነበር፤ አዋላጅ የሆነች አሮጊት ቫምፓየር፣ ሰው የማትነክስ፣ ከእንግዴ ልጅ የሚተርፈውን ደም ብቻ የምትጠጣ። ምጥ የያዛትን ሴት ቤት ስትገባ እንዴት እንደምትራብና እንዴት ራሷን እንደምትገዛ ማርታ ስትጽፈው ሰው ትንፋሹን ይውጣል። ኤርሚያስ መሥሪያ ቤቱ ማተሚያ ላይ አትሞ ያመጣውና ሻይ ላይ ጮክ ብሎ ያነብልናል። እኔ የፈጠርኳት ሰሎሜ የምትባል ልዕልት ነበረች። አንድ ቀን የኔንስ እንዴት አገኘኸው ብዬ ጠየቅኩት። አሰበና "ጥሩ ነው። ሰዋስዉ ልክ ነው" አለኝ። ኤርሚያስን እወደው ነበር። ይህንንም የሚያውቀው ከማርታ በቀር ማንም አልነበረም።

ቫምፓየር አይሞትም፤ ስለዚህ በጨዋታው የሚያስፈራው ነገር አንድ ብቻ ነው፣ የሞት አስማት። የገጹ ዋና ሕግ ደግሞ እሱን ለየቤቱ ትቶታል። እኛ ቤት ሕግ ስላልነበረ አንድ የአንጋጫ ልጅ በአንድ ከሰዓት ሦስት ሰው ፈጅቶ ቁጭ አለ። ጠብ ተነሳ፣ ስድብ ተጻፈ፣ ቤቱ ሊፈርስ ደረሰ። "አስቱ መምህርት ናት፣ እሷ ሕግ ትጻፍልን" አለ ኤርሚያስ። ጻፍኩ። አስማተኛ ሊገድል ከፈለገ ከሟቹ አካል አንድ ነገር፣ ፀጉር ወይ ጥፍር፣ መያዝ አለበት። በኮምፒውተር ፀጉር ስለማይገኝ በምትኩ ስለ ተጫዋቹ እውነተኛ ሕይወት ማንም የማያውቀውን አንድ ነገር ያቅርብ። የተመታው ሰው ሦስት ቀን ይሰጠዋል፤ በነዚህ ቀናት ውስጥ ራሱ ስለ ራሱ ከዚያ የጠለቀ እውነት ከጻፈ ይድናል። ካልጻፈ ይሞታል፣ ገጸ ባሕርይውም ለገዳዩ ይወረሳል። የሞተ ሰው አርባ ቀን አይናገርም፣ ማንም አይመልስለትም፣ በቤቱ ውስጥም ውጭም። ያቺን "ውጭም" የምትለዋን ቃል ያስገባኋት በመጨረሻ ነው። ሕጉ ያለ እሷ ጥርስ ያነሰው መስሎኝ።

የመጀመሪያው ሟች ኤርሚያስ ራሱ ሆነ። አንድ ጓደኛው፣ ኤርሚያስ ሥራ ሲቀጠር ዕድሜውን በሁለት ዓመት እንደዋሸ ጻፈበትና ገደለው። ስቀን ሞትን። አርባ ቀን ሙሉ መንገድ ላይ ሲያገኘን ፊታችን ቆሞ ይጨፍራል፣ ያስላል፣ የሌለ ሰው ነኝ እያለ ከሳህናችን ያነሳና ይበላል፤ እኛ ከንፈራችንን ነክሰን እናልፋለን። ማርታ አንዴ መቋቋም አቅቷት በሳቅ እንባዋ ወረደ። በአርባ አንደኛው ቀን ለሁላችንም ፓስቲ ጋበዘን። ደስ የሚል ሕግ ነው ተባለ። እኔም ተመሰገንኩ።

ከያሆዴ፣ ከሀዲያ ዘመን መለወጫ በዓል በኋላ በነበረው ሳምንት ነው ማርታ የነገረችኝ። ጤና ጣቢያው ጀርባ ያለው አግዳሚ ላይ ምሳ ሰዓት ተቀምጠን ነበር። አባቷ ዳምቦያን ግማሹን ፊደል ያስቆጠሩ መምህር ነበሩ፤ ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ ከተኙ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። አፋቸው አይናገርም፣ ጀርባቸው ቆስሏል። ማርታ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሄዳ ታጥባቸዋለች።

"አስቱ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለሰው እንዳትነግሪ" አለችኝ።

"ለማን እነግራለሁ?"

"ሳጥበው እንደ ሕፃን ያለቅሳል። አጥቤ ስጨርስ ጓዳ ገብቼ እንበረከካለሁ። ዛሬ ውሰደው እላለሁ። በልቤ ማሰብ አይደለም፣ ጸሎት ነው፣ አፍ አውጥቼ ነው የምለው። አባቴን እኮ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ኃጢአት ነው አይደል?" አለች።

እጇን ያዝኩ። ኃጢአት አይደለም አልኳት። የነርስ እጅ፣ በሳሙና ብዛት የደረቀ። ይህን ስነግራችሁ የሻካራነቱ ነገር አሁንም መዳፌ ላይ አለ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ደቂቃ ከልቤ አዝኜላት ነበር። ይህንን የምለው ራሴን ለማዳን አይደለም፤ ያዘነ ሰው ምን ሊሠራ እንደሚችል እንድታውቁ ነው።

በማግስቱ ጋሽ ደሳለኝ ቤት ኤርሚያስ አዲሱን የወይዘሮ ጥላዬን ታሪክ አነበበልን። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ በልብ በኩል። ማርታ አፏን በእጇ ከልላ ፈገግ አለች። እኔ ተነስቼ ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩ፣ ፓስወርዴን አስገባሁ፣ ሰሎሜን ሆኜ ጻፍኩ፦ ወይዘሮ ጥላዬን በሞት አስማት መትቻታለሁ። በእጄ የያዝኩት ይኸው፤ የምትጽፋት ልጅ በየቅዳሜው አባቷን አጥባ ስታበቃ እንዲሞት ተንበርክካ ትጸልያለች።

ያን ጊዜ ማርታ ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ነበረች። ገጹ እስኪከፈትላት ድረስ ከጎኗ ተቀምጬ ጠበቅኩ። መስመሩ ቀርፋፋ ስለሆነ ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። አነበበች። ወደ እኔ አልዞረችም። ቦርሳዋን አንስታ ለጋሽ ደሳለኝ ከፍላ ወጣች። ቤቱ ውስጥ ግን ሁከት ተነሳ፤ ከዱራሜ አንዱ "ይህማ ቁም ነገር ነው" ብሎ ጻፈ፣ ከሾኔ አንዷ "ምስኪን አባት" አለች። የሚያድናት የጠለቀ እውነት ምን ሊሆን እንደሚችል ውርርድ ተያዘ። በሦስተኛው ቀን አንድ መስመር ጻፈች፦ "ከዚህ የሚጠልቅ የለኝም።" ሕጉ ሕግ ነው ተባለና ሞተች።

አርባው ቀን ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ እሷ ወደ ጤና ጣቢያ ስትወጣ አንድ ጥግ ላይ እንገናኝ ነበር። የመጀመሪያ ቀን "አስቱ፣ እንደምን አደርሽ" አለችኝ፤ አለፍኳት። ሁለተኛም ሦስተኛም ቀን አለችኝ። እንደ ኤርሚያስ አትጨፍርም፣ አታስልም። ዝም ብላ ሰላምታዋን ታቀርባለች፣ መልሱን ትጠብቃለች፣ ትሄዳለች። በአምስተኛው ቀን እኔ ቀድሜ መንገዱ ላይ ደርሼ ስትመጣ ጠበቅኳት። ላለመመለስ ነው የጠበቅኳት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አራት ሆነን ጋሽ ደሳለኝ ቤት እየተጫወትን ማርታ በር ላይ ቆመች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ዓይኗ አብጧል።

"አባቴ አረፈ" አለች። "ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። ዳምቦያ።"

ጋሽ ደሳለኝ ከመቀመጫው ተነስቶ ባርኔጣውን አወለቀ። "እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ። ነፍሳቸውን ይማር" አለና ወደ እኛ ዞረ። አንዳችንም አልተነሳንም። ማርታ እኔን አየች። "አስቱ" አለች። "አስቱ፣ ሰማሽኝ?"

ቆጠራው በጭንቅላቴ ውስጥ ነበር፤ ሃያ ቀን ይቀራል። ኤርሚያስ ከጎኔ ቁልፎቹን ሲነካ ሰማሁ። ስክሪኑ ወደ በሩ የዞረ ነው፤ የጻፈው ከሩቅ ይነበባል። "አስማቱ ሠራ" ይላል። እኔ አነበብኩ፣ ማርታም አነበበች፣ እና እኔ ሳቅኩ። ትልቅ ሳቅ አይደለም፤ በአፍንጫ የሚወጣ አጭር ትንፋሽ ነው። ግን ሳቅ መሆኑ ለሁሉም ገብቶታል።

ማርታ ስትወጣ ጋሽ ደሳለኝ ተከትሏት ወጣ። ሲመለስ የስድስቱንም ኮምፒውተር መብራት ከግድግዳው ነቀለ። "ምን እንደምትጫወቱ አላውቅም" አለ። "ሰው ሞቶ ሲነገረው የማይነሳ ልጅ ግን እኔ ቤት አይገባም። ውጡ።" በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ፣ ስሟን እንኳን በቅጡ የማያውቃት ሰውዬ፣ ዳምቦያ ሄዶ ቀበረ። እኛ የዚያኑ ቀን ከሰዓት ሌላ ኢንተርኔት ቤት አገኘን። ደቂቃዋ ሃያ ሳንቲም ነበር፣ ረከሰልን።

ሕጉ ሲያበቃ ዳምቦያ ሄድኩ። ኤርሚያስን እንሂድ ስለው "አሁን ደግሞ ከረመ፣ ምን ብለን ነው?" አለኝ። ብቻዬን ዱራሜ ላይ መኪና ቀይሬ ደረስኩ። እናቷ ግቢው ውስጥ ጥቁር ለብሰው ነበር፤ አማርኛቸው ጥቂት ነው። ስሜን ስነግራቸው ሁለት እጄን ይዘው አገላብጠው ሳሙኝ። "አስቴር አንቺ ነሽ? ማርታ ሁልጊዜ አስቴር፣ አስቴር ትላለች" አሉ። አስገቡኝ፣ ቆጮና አይብ አቀረቡልኝ፣ ብዪ እያሉ ጉልበቴን መታ መታ ያደርጉኛል። ከዚያ እንደ ቀልድ "የቀብር ቀን ማርታ መንገድ ላይ ቆመች" አሉኝ። "ነይ ግቢ፣ አስከሬን ሊወጣ ነው ስላት፣ ጓደኞቼ ከሆሳዕና ይመጣሉ፣ ቤቱ ይጠፋባቸዋል አለች። አንድ ሽማግሌ ብቻ መጣ።"

ማርታ ከውኃ መጣች። እንስራውን አወረደች፣ አየችኝ፣ ለእናቷ በከምባትኛ አንድ ነገር አለቻቸው። እናትየው ፈገግ አሉ፤ ክፉ ነገር እንዳልነገረቻቸው ገባኝ። ስወጣ መንገዱ ድረስ ሸኘችኝ። ይቅርታ የሚል ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሌሊቱን በቃሌ ይዤው ነበር። ጀመርኩ። አቋረጠችኝ።

"ዛሬ ስንተኛ ቀን ነው?" አለች።

መኪና እንደሚጠብቅ ሰው ወደ መንገዱ አየሁ።

"አርባ አንድ ነው። ቆጥረሽ ነው የመጣሽው።" ሚኒባስ መጣ፣ እጇን አንስታ አስቆመችልኝ፣ በሩን ከፈተችልኝ።

ከዚያ ጨዋታውን የተውኩ ይመስላችኋል። አልተውኩም። በሕጉ መሠረት ወይዘሮ ጥላዬ የኔ ሆነች። አንድ ዓመት ያህል ጻፍኳት፤ ምጥ ቤት አስገባኋት፣ አስራብኳት፣ ሰዋስዉ ልክ ነበር። ኤርሚያስ ማተሙን ተወ። አንድ በአንድ ሰዎቹ ጠፉ፣ ፈረንጆቹም ገጹን ዘጉት፤ ስልክ ያለው ሁሉ ኢንተርኔት ኪሱ ውስጥ ሲገባለት ጋሽ ደሳለኝም ሱቁን ለጫማ ሻጭ አከራየ። ሞቶ ሲቀበር ከኋላ ቆሜ ነበር፤ ለባለቤቱ "ደንበኛው ነበርኩ" አልኳት።

ማርታን እንደገና ያየኋት ገና ቅርብ ጊዜ፣ ምክትል ርዕሰ መምህርት ሆኜ ነው። ለሴት ተማሪዎች ክትባት ሊሰጥ የመጣውን ቡድን የምትመራው እሷ ሆና ቢሮዬ ገባች። ወፍራለች፣ መነጽር አድርጋለች፣ ስትስቅ አፏን መከለል ትታለች። ሰው ፊት "ወይዘሮ አስቴር፣ እርስዎ ክፍል ቢያዘጋጁልን" እያለች አነጋገረችኝ። ቀኑን ሙሉ ሠራን፤ ልጆቹ ሲፈሩ እንዴት እያባበለች እንደምትወጋቸው አየሁ። ለሻይ ዕረፍት ሌሎቹ ሲወጡ በሩን ገፋ አደረግኩትና ያን የድሮ ንግግሬን ጀመርኩ። ብዙ ዓመት ስለቆየ ከሩብ በላይ አላስታወስኩትም።

እያዳመጠች መርፌዎቹን በሥርዓት ትደረድር ነበር። ስጨርስ "ይቅር ብዬሻለሁ፣ እሱን ተይው" አለች። ወንበሬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ቀጠለች፦ "ያልኩት ጸሎት እውነት ነው። ለካህን እንኳን ተናዝዤው አላውቅም ነበር፤ ያወጣሁት ላንቺ ነው። ከዚያ ወዲህ ለማንም የሆዴን ተናግሬ አላውቅም፤ ለእናቴም፣ ለልጆቼም። ባሌ ጥሩ ሰው ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላን ነው። ምን እንደሚያስጨንቀኝ አንድም ቀን አውቆ አያውቅም። ሰው ሲሰበሰብ ‘ማርታ እኮ ዝምተኛ ናት፣ እግዚአብሔር ዝምተኛ ሚስት ሰጠኝ’ እያለ ያመሰግነኛል።"

አዲስ ጓንት አጠለቀች፣ ከኔ አልፋ ወደ በሩ አየችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "ቀጣይዋ ትግባ" አለች።